ዝም ማለቴን ሰማችው

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ደህና ነሽ ወይ ማለት ወግ ነውና ጠየቅሁ እንጂ መልሱን አውቀዋለሁ። አንቺ ሁልጊዜ ደህና ነሽ። ጣሪያ ቢወርድ፣ ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ታናሽ እህትሽ በባዶ እግሯ አስፋልት ላይ ቆማ ለመኪናዎች ንግግር ብታደርግ፣ አንቺ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው» ነው የምትዪው። ባለቤትሽስ? አሁንም ዜና በሰማ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቃል? ልጆቹ እንግዲህ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ አያውቁኝም። ትልቁ ጢም ማብቀል ጀምሯል ብላ የአክስታችን ልጅ ነገረችኝ። ጉልበትሽንስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፌን እተኛለሁ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ስልሳ ሰባት ኪሎ ሆኛለሁ። አሥሩ ኪሎ የመድኃኒቱ ነው፣ የቀረው የራሴ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልሽ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው» ማለትሽ አይቀርም። ናፍቀሽኝ እንዳይመስልሽ። ለጎረቤት ሁሉ «ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች» ብለሽ እንዳስወራሽ አልረሳሁም፤ የሄድኩበት ከተማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደነበር፣ መስኮቱም ሽቦ እንደነበረው አልነገርሻቸውም። የምጽፈው ተገድጄ ነው። ማን እንዳስገደደኝ በተርታው እነግርሻለሁ፤ ቸኩለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ፣ አመልሽን አውቀዋለሁ።

ሥራ ይዣለሁ። ሁለት ዓመት አለፈኝ። የት እንደሆነ ስትሰሚ ትስቂያለሽ፤ አንቺ እጄን ይዘሽ ያስገባሽኝ ሆስፒታል ነው፣ ያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ያው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ የተቀባው ኮሪደር። መጠሪያዬ «የአቻ ድጋፍ ሠራተኛ» ነው። በቀላል አማርኛ፣ አብዶ የዳነ ሰው ገና ካልዳነው አጠገብ ቁጭ ብሎ «አይዞህ፣ እኔም እንዳንተ ነበርኩ» እንዲል ይቀጠራል ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ «በአእምሮ ሕመም ውስጥ ያለፈ» የሚለው ከትምህርት ማስረጃው በላይ ነበር የተጻፈው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እብደቴ የሥራ ልምድ ሆኖ ተቆጠረልኝ። ፈታኞቹ ስንት ጊዜ ሆስፒታል እንደተኛሁ ጠይቀውኝ «አንዴ» ስላቸው ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ብቻ ባጅ ሰጡኝ፣ ከመወልወያና ከባልዲ ጋር የምጋራው ክፍል ሰጡኝ፣ የአምስት ቀን ሥልጠናም ሰጡኝ።

አሠልጣኛችን ጉንጩ ያበጠ፣ አንድ ቀን እንኳ ሆዱን ቆርጦት የሚያውቅ የማይመስል ጤነኛ ነበር። «ታሪካችሁ መሣሪያችሁ ነው» ይለናል በየሰዓቱ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያ እየቀሰረ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን መሣሪያዎቹን ጥሎ ብቻውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰርተፊኬታችንን ሲሰጠንም እጃችንን በጣቶቹ ጫፍ ነው የጨበጠን፣ የሚተላለፍ ነገር ይመስል።

አስተባባሪያችንን ደግሞ ባየሻት። ስሟን ረስተነዋል፣ እኛ «ትምህርት ወስደናል» ነው የምንላት። አንዱ በሽተኛ የሌላውን ኪኒን ቢውጥ «ትምህርት ወስደናል»። ቧንቧ ፈንድቶ ዋርዱ ቢጥለቀለቅ «ትምህርት ወስደናል»። ይህን ሁሉ ትምህርት ወስዳ የት እንደምታስቀምጠው አይታወቅም፣ እሷ ላይ ግን አይታይም። ለእያንዳንዱ ስህተት ቅጽ አላት፦ የተፈጠረው ችግር፣ የተወሰደው እርምጃ፣ የተገኘው ትምህርት። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መስመር። ሰው ከሦስት መስመር በላይ እንዲሳሳት አልተፈቀደለትም።

ባልደረባዬ ሹፌሩ ነው። የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ በታመመ ጊዜ ተሳፋሪ እንደጫነ ድልድይ መሃል አቁሞ፣ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ወርውሮ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ታሪኩ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲናገረው ሰምቻለሁ። የሚያለቅስለት ሰው የለም፣ አንዳንዱማ ተሳፋሪዎቹ የከፈሉት ተመለሰላቸው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። በሽተኞቹ ምክር ሲፈልጉ «እኔ ምን አውቄ፣ አንተ ምን ይመስልሃል» ይልና ብርቱካን መላጥ ይጀምራል። ልጦ ሲጨርስ ግማሹን ይሰጣቸዋል። ሥራው ይኸው ነው። ንቄው ነበር፣ እትዬ፣ ከልቤ ነው የናቅሁት።

የኔ ታሪክ ግን ሌላ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ክብ አድርገን እንቀመጣለን፤ ተራዬ ሲደርስ አንቺን አወጣሻለሁ። «እህቴ በዚያ ሙቀት ግራጫ ኮቷን ለብሳ፣ ቢሮ እንደምትገባ ሰው ተጠንቅቃ መጣች። ከዘበኛው እስክሪብቶ ተዋሰች። ፈረመች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያን ቀን ወዲያ መጥታም አታውቅም።» ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያለ እሷ ዳንኩ» እላለሁ። ዓይኑ የማይረጥብ የለም። አንድ ቀን ነርሷ ራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትጠርግ አይቻታለሁ። ኮቱንም በየጊዜው አሳምሬልሻለሁ፤ መጀመሪያ ተራ ኮት ነበር፣ ኋላ ትልልቅ የብረት ቁልፎች አወጣሁለት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በማያውቁሽ ሰዎች ፊት አቆምኩሽ። አንቺ ያን ሰዓት ምናልባት ድንች ትልጪ ነበር።

ከአምስት ወር በፊት አንዲት ልጅ መጣች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች በዋርዱ ሰፊዋ ነው የምትባለው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ክር በጥርሷ መበጠስ ስለለመደች፣ ክር በሌለበትም የእጅጌዋን ጫፍ ትነክሳለች። ሕመሟ የጀመራት ሥራዋ ላይ ነው፤ ስምንት ቀን ሳትተኛ የደንበኞቿን ልብስ ሁሉ፣ ሱሪውን ከቀሚስ፣ ቀሚሱን ከአልጋ ልብስ፣ አጋጥማ ሰፍታ አንድ ትልቅ ነገር አደረገችው። ከዚያ እሱን ከኋላዋ እየጎተተች አውራ መንገድ ወጣች። አሁን ስታወራው ራሷም ትስቃለች፣ ስፌቱ ግን ጥሩ ነበር ትላለች።

ያመጣቻት ታላቅ እህቷ ናት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ ዳቦ ሻጯ እላታለሁ፤ ድምፅዋ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል፣ ቅንድቧ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። አባትና እናት የላቸውም፣ ሁለቱ በአንድ የኪራይ ክፍል ነበር የሚኖሩት። ማክሰኞና ዓርብ፣ በጥየቃ ቀን፣ በሩ ሳይከፈት ትደርሳለች። «ኪኒኗን ውጣለች? ሠገራዋስ?» ብላ ሰው ፊት ትጠይቃለች። ማበጠሪያ አውጥታ የልጅቷን ፀጉር ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ትጎትታለች። ሰፊዋ «ኧረ ቀስ በይ» ስትላት ጆሮ ዳባ ልበስ። ገና ሳያት ጠላኋት። ኮት አልለበሰችም፣ እኔ ግን በዓይኔ አለበስኳት።

አንድ ሐሙስ ታሪኬን ተናግሬ ስጨርስ ሰፊዋ ተከትላኝ ወደ ባልዲው ክፍል ገባች። አሁን እህትሽን ታናግሪያታለሽ ወይ አለችኝ። አላናግራትም አልኳት። እጅጌዋን ነከሰችና፣ የዳንሽው ስለማታናግሪያት ነው እንዴ አለችኝ።

«አይደለም» ማለት አምስት ፊደል ነው። ምላሴን የቆረጠው የለም፣ የሚያስቸኩለኝ ሥራም አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ፈገግም አልኩ፤ አሠልጣኙ «ተስፋ የሚሰጥ ፊት» የሚለውን ፊት አደረግሁላት።

በሳምንቱ መጥታ እህቴን ማየት አልፈልግም አለችኝ። በደንባችን በሽተኛ ጠያቂ አልቀበልም ማለት መብቱ ነው፣ በጽሑፍ ከሆነ። መጻፍ ለከበደው ደግሞ የአቻ ድጋፍ ሠራተኛ ይጽፍለታል። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ሹፌሩ ቢሆን ብርቱካኑን ይዞ አንድ ሰዓት ያስቀምጣት ነበር፤ እኔ ወንበር ስቤ ጻፍኩላት። ያውም አሳምሬ፤ «ይህ ግንኙነት ለማገገሜ እንቅፋት በመሆኑ» የሚል ሁሉ አስገባሁበት። ፈረመች። ወረቀቱን ራሴ ይዤ ወርጄ ለዘበኛው ሰጠሁት።

ዓርብ ከሰዓት መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ዳቦ ሻጯ መጣች፣ ዘበኛው ወረቀቱን አሳያት። ሁለቴ አነበበችው። አልጮኸችም፤ ትጮሃለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የያዘችውን ከረጢት ለዘበኛው ሰጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ የጥየቃ ሰዓቱ እስኪያልቅ ከማዶ ቆመች። እኔ ደስ አለኝ። ይህችን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ገጽ የዞርኩት፤ ደስ አለኝ፣ እትዬ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣች፣ ዓርብም መጣች። ስድስት ጊዜ ተመለሰች። ከዚያ ቀረች። «ትምህርት ወስደናል» በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ፣ በሽተኛ በራሱ እንዲወስን መደገፍ ማለት እንዲህ ነው አለች። አጨበጨቡልኝ። ሹፌሩም አጨበጨበ፣ ግን አላየኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ሰፊዋ ድናለች፣ ትውጣ አለ። ማን ይቀበላት ሲባል ለዳቦ ሻጯ ተደወለ። ከእህቷ ጋር የነበሩበትን ክፍል ለቃለች፤ አላይሽም ያለችኝን ልጅ አልጋ ዕለት ዕለት እያየሁ እዚያ ቤት ማደር አልቻልኩም ብላ፣ ዳቦ ቤቱ ጓሮ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ነው የምታድረው። ከዚያም፣ «እኔ በጽሑፍ የተከለከልኩ ሰው ነኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሌላ ዘመድ የለም። ዘመድ የሌለው በሽተኛ የሚላከው ከከተማ ውጭ ወዳለው መጠለያ ነው። ማገገሚያ ይሉታል፤ እኔ ግን ከዚያ አገግሞ ሲወጣ ያየሁት ሹፌሩን ብቻ ነው። እሱም ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል፣ ስለዚያ ቦታ ደግሞ አንድ ቃል አይተነፍስም። መኪናው ዓርብ፣ ማለትም ነገ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት የሚፈርምላት ሰው ከተገኘ ባዶውን ይመለሳል ብሏል ሐኪሙ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው አላልኩሽም? ያንን የልብስ ስፌት መኪናዋን ማን ሲዘውረው እንደሚኖር እንጃ።

ሰኞ ዕለት አስተባባሪዋ ቅጹን ሰጠችኝ። የተፈጠረውን ችግር ጻፍኩ፣ የተወሰደውን እርምጃ ጻፍኩ፣ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ ከቤተሰብ ጋር ያለንን ቅንጅት ማጠናከር እንዳለብን ተምረናል ብለሽ ጻፊ አለችኝ። እኛ እነማን ነን አልኳት። ስቃ ሄደች፤ ማታ ሳየው ራሷ ሞልታዋለች። የእጅ ጽሑፏ የሐኪም ነው፣ ምን እንደተማርኩ እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

ሹፌሩ ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ አገኘኝ። ምን ነበር የጠየቀችሽ አለኝ። ነገርኩት። ምን መለስሽላት አለኝ። ምንም አልመለስኩም፣ ዝም ነው ያልኩት አልኩት። «ዝም ማለትሽን ሰምታዋለች እኮ» አለኝና መላጥ ጀመረ። ግማሹን ሲዘረጋልኝ አልፈልግም አልኩት። ባልዲው ክዳን ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደነዝ ነው ያልኩት ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። በጓሮ በኩል አስገቡኝ። ዳቦ ሻጯ ከምድጃው አጠገብ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ሊጥ ትቆርጣለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን አልሰጠችኝም፤ ሊጥ ነበረበት፣ ባይኖርበትም አትሰጠኝም ነበር። የጻፍሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ጽሑፍሽ ያምራል፣ እህቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፣ ፊርማው ግን የሷ ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት አለች።

እኔም እንግዲህ የተማርኩትን ጀመርኩ፤ ስሜትሽ ይገባኛል፣ እኔም በዚያው ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ አልኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ አንቺ ያለፍሽው እንደ እህቴ ነው፣ የኔን በምን ታውቂዋለሽ አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ስምንቱንም ቀን እሷም አልተኛችም፤ ልጅቷ ወጥታ መኪና እንዳይገጫት የእጇን አንጓ ከራሷ እጅ ጋር በሻሽ አስራ ነበር የምትጋደመው። የፈረመች ቀን ምን ላይ እንደፈረመች አታስታውስም። የምታስታውሰው ሽንት ቤት የት ነው ብላ መጠየቋን ነው፤ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጽዳት ሠራተኛዋ ናት የቀሰቀሰቻት። ደግሞ እንዲህ ተኛሁ ብላ አፍራ አታውቅም፣ ይልቅስ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም አለችኝ።

ይህን እያወራችኝ ክንዷን አየሁት። ከክርኗ ዝቅ ብሎ የጥርስ ምልክት አለ፣ ሁለት ረድፍ፣ ጠባሳው ያበራል። ዓይኔ የት እንዳረፈ ስታይ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አወረደችው። ዱቄት ነው አለችኝ። ምድጃው እየነደደ ነበር፣ እኔ በቆምኩበት ላቤ ይወርዳል፣ እሷ እጅጌዋን ይዛ ዱቄት ነው ትለኛለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ግማሹን አልሰማሁትም። የሰማሁት መጨረሻውን ነው፤ ራሷ ትጠይቀኝ፣ በራሷ እጅ ጽፋ፣ አንቺ እንዳትነኪው፤ ከጠየቀችኝ መጥቼ እፈርማለሁ፣ ሌላ ቤትም እፈልጋለሁ፤ ካልጠየቀችኝ ግን ተከልክያለሁ፣ ተከልክያለሁ።

ተመልሼ ለሰፊዋ ነገርኳት። እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አልጽፍም አለች። «አንቺ ሳታናግሪያት አይደል የዳንሽው?» አለችኝ፣ ያንን ዝቅ የማደርገውን ድምፄን ሳይቀር አስመስላ። መጠለያው ምን እንደሚመስል ነገርኳት፣ ጆሮ አልሰጠችኝም። ያለ እሷ እድናለሁ አለች። የራሴን አረፍተ ነገር ስሰማው ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ትናንት ጠዋት ወደ ባልዲው ክፍል አስገባኋትና እውነቱን ነገርኳት። እህቴ መጥታ አታውቅም ያልኩሽ ውሸት ነው አልኳት። መጥተሻል፣ እትዬ። እኔም በጽሑፍ ነበር የከለከልኩሽ፣ ነርሷ ናት የጻፈችልኝ። አንቺ ከማዶ፣ ያንን ኮት እንደለበስሽ፣ ዳቦ ሻጯ የቆመችበት ቦታ ነበር የምትቆሚው፤ እኔም በዚያው መስኮት ነበር የማይሽ። አሥራ አንድ ጊዜ መጣሽ። ቆጥሬያለሁ፣ አንቺም ሳትቆጥሪ አትቀሪም። ደግሞ አንዴ ታምሜ ዳንኩ ያልኩትም ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሌላ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ለፈታኞቹም ደብቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዘመድ ሲሉኝ የለኝም አልኩ፤ ነርሷ «የለም» ብላ ጻፈች፣ በጥየቃ ቀን ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ አልጋዬን ሳነጥፍ ነበር የምውለው። አንድ አልጋ ስንት ጊዜ እንደሚነጠፍ አታውቂም።

ከዚያ ስለ ኮቱ ነገርኳት። ያለ ቁልፎቹ። በዚያ ሙቀት ለምን እንደለበስሽው፣ እጅጌው ሥር ምን እንደደበቅሽ ነገርኳት። እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይህን ብቻ ልንገርሽ፤ ከዚያን ጠዋት ወዲህ ቤቴ ማንቆርቆሪያ ገብቶ አያውቅም። ውሃ የማፈላው በድስት ነው፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ። ሰው ቤት ሄጄ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ከሰማሁ የረሳሁት ጉዳይ አለ ብዬ እወጣለሁ። ለዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩት ይህንን ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ግን እናገር ነበር።

ሰፊዋ አላለቀሰችም። ለዚህኛው ታሪክ ማንም የሚያለቅስለት አይመስለኝም። እጅጌዋን ከአፏ አውጥታ ትንሽ አየችኝና፣ ታዲያ አንቺም ጻፊላታ አለችኝ። ይህ ስላንቺ ነው እንጂ ስለኔ አይደለም፣ ሠራተኛ ነኝ፣ ደንብ አለብኝ ብዬ ቀባጠርኩ። «አቻዬ ነሽ አይደል እንዴ? አንቺ ስትጽፊ እኔም እጽፋለሁ» አለች። ያስገደደችኝ እሷ ናት። ተገድጄ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መመገቢያው ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ፕላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ ትናንት የፈሰሰ ሾርባ አለ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሹፌሩ አመጣልን፣ ምንም ሳይናገር። እጄ በቆመ ቁጥር ቀና ብላ፣ ምነው ቆምሽ ትለኛለች። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እየተቆጣሁ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ በሰው ዓይን ሥር ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳክክ ባየሽልኝ። እሷ አራት መስመር ጽፋ ጨረሰች። አነበበችልኝ፣ አንድ ፊደል እንኳ እንዳርምላት አልፈቀደችም፤ «የኔ እህት፣ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ማበጠሪያውን ይዘሽ ነይ። ግን ቀስ ብለሽ አበጥሪኝ።» ከሦስት መስመር አንድ ብቻ ነው የበለጠችው።

ሹፌሩ በእግሩ ዳቦ ቤቱ ድረስ ወስዶት ተመልሷል። ምን አለች አልኩት። አንብባ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና የሥራ ሽርጧን ፈታች አለኝ። ከዚያስ ስለው፣ «እኔ ምን አውቄ» አለኝ። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ይገድለኛል።

አሁን ምሳ ተበልቶ ሳህን እየተሰበሰበ ነው። ሰፊዋ ገብታ ተኝታለች፣ ከዚህ ስታንኮራፋ ይሰማኛል። ማንም አያየኝም። ቃሌን የፈጸምኩት ጠዋት ነው፣ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር። ይኸው ስምንተኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም እግርሽን አንሺ ብላኝ ሁለት ጊዜ ዙሪያዬን ወልውላለች።

ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ባልሽን ከቴሌቪዥኑ ያስታርቅልሽ። በልተሽ የምትጠግቢበት፣ ተኝተሽ የምታርፊበት ዘመን ይስጥሽ፤ እኔ አልሰጠሁሽምና ፈጣሪ ይስጥሽ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እናንተ በር ላይ እመጣለሁ። ካልፈለግሽኝ አትክፈቺ፣ በልጆቹም አታስመልሺኝ፣ ምንም ማለት የለብሽም። ከማዶ ትንሽ ቆሜ እሄዳለሁ፤ በሚቀጥለው እሁድም እመጣለሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። እስከ አሥራ አንድ መቁጠር እኔም እችላለሁ።

ታናሽሽ